መርፌና ብልቃጥ፦ መድኃኒቱን የያዘው ዕቃ ታሪክ

በ1656 ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ ክሪስቶፈር ሬን የተባለ ወጣት ምሁር የላባ አገዳ ከእንስሳ ፊኛ አፍ ጋር አሰረ። (ዘመኑ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፊኛውን በወይን ጠጅ በተበጠበጠ ኦፒየም ሞላው፤ የአንድ ውሻ እግር ላይ ያለውን ደም ሥር ሰንጥቆ አገዳውን ሰካና ፊኛውን ጨመቀው። ውሻው ወዲያው ይንገዳገድ ጀመር። ነገሩን ጽፎ ያቆየልን ሮበርት ቦይል እንደሚለው፣ እንቅልፍ ጥሎት በዚያው እንዳይቀር በአትክልት ቦታው ውስጥ እየገረፉ አስሮጡት። ውሻው ተረፈ። ከዚያም ወፈረ፤ ዝናው ስለወጣም ሰው ሰርቆ ወሰደው። ሬን በኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ታላቁ አርክቴክት ነው።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጀርመን አገር ያሉ ሐኪሞች ዘዴውን በሰው ላይ ሞከሩት። ታማሚዎች ሲጎዱና ሲሞቱ ግን ሙከራው ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ ተዳፈነ። የጎደለው የመድኃኒት ዓይነት ብቻ አልነበረም። ላባው አይጸዳም፣ ፊኛው አይለካም፣ ስንት እንደገባ የሚያውቅም የለም። እኛም ዛሬ ስለ መድኃኒት ስናወራ ስለ ፈሳሹና ስለ ክኒኑ እንጂ ስለያዘው ዕቃ ብዙም አናነሳም። እኔ ግን ዕቃው የመድኃኒቱ አካል ነው ባይ ነኝ። የሰው ልጅ ይህን የተማረው በሕይወት ዋጋ እየከፈለ ነው፤ ብርጭቆው፣ ጎማውና ፕላስቲኩ እያንዳንዳቸው አንድ ችግር ፈትተው ሌላ ይዘው መጥተዋል።

ሰኔ 3 ቀን 1844 ደብሊን በሚገኘው ሚዝ ሆስፒታል ፍራንሲስ ሪንድ የተባለ ቀዶ ሐኪም ፊቷን ለዓመታት የነርቭ ሕመም ሲያሰቃያት የኖረችን ሴት ተቀበለ። በአፍ የወሰደችው ሞርፊን አልረዳትም ነበር። ሪንድ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለፈ ሹል ብረት ቆዳዋ ሥር አስገባ፤ ሹሉን ሲስበው ቱቦው ብቻ ቀረ፣ ሞርፊኑም በራሱ ክብደት እየተንጠባጠበ ወረደ። መሣሪያው ገፊ ዘንግ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሴትየዋ በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሥቃይ ተኛች። ቀዳዳ ያለው መርፌ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

መርፌውንና ገፊውን ያጋጠሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በ1853፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ውስጥ ሻርል ፕራቫ የተባለ ሐኪም ከብር የተሠራ ትንሽ ሲሪንጅ አሠርቶ የበጎችንና የፈረሶችን ደም ሥር በብረት ጨው ያረጋ ነበር። ያበጠ የደም ሥር እንዳይፈነዳ መላ ፍለጋ ነው። የፕራቫ ገፊ እንደ ብሎን የሚዞር ስለሆነ ሐኪሙ ስንት ጊዜ እንዳዞረው ቆጥሮ የገባውን መጠን ያውቃል። ብሩ ግን ውስጡን አያሳይም። አየር ይኑርበት፣ ፈሳሹ ይደፍርስ፣ ዓይን የሚፈርደው ነገር የለም። ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ የነበረው አሌክሳንደር ዉድ ደግሞ የለንደኑ መሣሪያ ሠሪ ፈርጉሰን የሠራውን የብርጭቆ ሲሪንጅ ወስዶ ሞርፊን ወጋበት። ብርጭቆ ውስጡን ያሳያል፤ በኋላም በላዩ ላይ የልኬት መስመር ወጣበት። ነርስ ሲሪንጁን ወደ ብርሃን ቀና አድርጋ አረፋውን በጣቷ እየነካካች የምታስወጣው ያን ግልጽነት ይዛ ነው። ስለ ዉድ ባለቤቱ በሞርፊን መርፌ ሞተች እየተባለ የሚነገር ወሬ አለ፤ ሐሰት ነው፤ እሷ ከባሏ በኋላ ኖራለች።

ዉድ መርፌው የሚሠራው በተወጋበት ቦታ ላይ ብቻ ይመስለው ነበር። የለንደኑ ቻርልስ ሀንተር ግን አንድን ቦታ ደጋግሞ ሲወጋ መግል ስለያዘበት ሌላ ቦታ ቢወጋ፣ ሕመሙ እኩል ሲቀንስ አየ። መድኃኒቱ ሰውነትን ሁሉ ይዞራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መርፌ በየሐኪሙ ቦርሳ ገባ። መግሉ ግን አልቀረም። የገፊው ጫፍ ከቆዳ ነበር የሚሠራው፤ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ያፈሳል፣ ዘይት ይፈልጋል። ቀዶ ሐኪሙ ሊስተር እና ሳይንቲስቱ ፓስተር ቁስል የሚያመረቅዘው ከጀርም ነው ብለው ዓለምን ካስተማሩ በኋላም ችግሩ ቀጠለ። ብርጭቆው ይቀቀላል፣ ቆዳው ግን ሲቀቀል ይበላሻል።

በዚህ መሐል የማስቀመጫው ጣጣ ነበር። ሞርፊኑ ተበጥብጦ በጠርሙስ ይቀመጣል፤ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር አየርና ጀርም ይገባል፣ ፈሳሹም ሻጋታ ያበቅላል። ፓሪስ የነበረው ፋርማሲስት ስታኒስላስ ሊሙዛን በ1886 የአንድ ጊዜ መጠን ብቻ በምትይዝ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ መድኃኒቱን ሞልቶ አንገቷን በእሳት አቅልጦ ዘጋት። አምፑል የምንላት ይህች ናት፤ ዛሬም አንገቷ ተሰብሮ ትከፈታለች። ክዳን የላትም፣ ጎማ የላትም፣ ከመድኃኒቱ ጋር የሚነካካው ብርጭቆ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው የብርጭቆው ጉድ የወጣው። የተለመደው የመስኮትና የጠርሙስ ብርጭቆ ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ የሚሠራ ነው። ፈሳሽ በውስጡ ሲቆይ፣ ይልቁንም አብሮ ሲቀቀል፣ ሶዳው ቀስ እያለ ይወጣና ፈሳሹን ወደ አልካላይ ይለውጠዋል። ሞርፊንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ አልካላይ ውስጥ አይሟሙም፤ እንደ ዝቃጭ ይቀመጣሉ። ያን አምፑል የሰበረ ሐኪም ከላይ ያለውን ፈሳሽ ቢወጋ ታማሚው የሚያገኘው ውኃ ቀመስ መድኃኒት ነው። መላው የመጣው ከጀርመን፣ ከየና ከተማ ነው። ኦቶ ሾት ከኧርነስት አቤ እና ከካርል ዛይስ ጋር በ1884 ባቋቋመው የብርጭቆ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቦሮን ጨምሮ ሙቀትንና ኬሚካልን የሚቋቋም ብርጭቆ አወጣ። ቦሮሲሊኬት ይባላል። በ1911 ፊዮላክስ የሚባለው የመድኃኒት ብርጭቆ ቱቦ ከዚያው ፋብሪካ መውጣት ጀመረ። የዛሬ የፋርማሲ መጻሕፍት አንደኛ ዓይነት እያሉ ለመርፌ መድኃኒት የሚመርጡት ብርጭቆ የዚያ ዘር ነው።

የሲሪንጁ የቆዳ ገፊ የተወገደው በ1890ዎቹ ነው። ፓሪስ የነበረው የሕክምና መሣሪያ ሠሪው የሉየር ቤት ቱቦውም ገፊውም ከብርጭቆ የሆነ ሲሪንጅ አወጣ። የአሠራሩን ረቂቅነት ልብ በሉ፦ ገፊውና ቱቦው እርስ በርስ ተሞርደው ተገጣጥመው የሚሠሩ ናቸው፤ በመሐላቸው ፈሳሽ የማያሳልፍ፣ ነገር ግን የማያጣብቅ ክፍተት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የአንዱ ገፊ ለሌላው አይሆንም። ጥንዶቹ እንዳይለያዩ በቱቦውም በገፊውም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍባቸው ነበር፤ ተቀቅለው ሲወጡ ነርሷ ቁጥር ከቁጥር እያስተያየች ታገናኛቸዋለች። ገፊው ከተሰበረ ቱቦውም ዋጋ የለውም። ማክስዌል ቤክተን እና ፌርሊ ዲክንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1897 ኩባንያቸውን ሲመሠርቱ የመጀመሪያ ሽያጫቸው አንድ የሉየር ሲሪንጅ ነበር፣ በ2 ዶላር ከ50። የመርፌው መቀመጫና የሲሪንጁ ጫፍ እየሾለ የሚጋጠምበት 6 በመቶ ቁልቁለት ዛሬም በሉየር ስም ይጠራል፤ የየትኛውም አገር መርፌ የየትኛውም አገር ሲሪንጅ ላይ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛም አገር በዕድሜ የገፉ ሰዎች ያን የብርጭቆ ሲሪንጅ ያስታውሱታል። ድሬሰሩ በብረት ሣጥን ውስጥ ውኃ አፍልቶ መርፌና ሲሪንጁን ሲቀቅል፣ በመቆንጠጫ ሲያወጣ፣ ተራ ጠባቂው ልጅ በሽታውን ብቻ ሳይሆን ወፍራሙን መርፌም እየፈራ ሲያለቅስ። መርፌው ይሳላል፣ ይቀቀላል፣ ለሚቀጥለው ሰው ይመለሳል።

ጎማ የገባው በብልቃጡ አፍ ላይ ነው። ኢንሱሊን በ1923 ለገበያ ሲቀርብ የስኳር ሕመምተኛ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚቀዳበት ዕቃ አስፈለገ፤ የጎማ ክዳን ያለው ብልቃጥ ለዚህ ተመቸ። መርፌ ይወጋዋል፣ መርፌው ሲወጣ ጎማው ይገጥማል። አምፑሉ ግን አንዴ ከተሰበረ አለቀ። የጎማው ብልቃጥ ሃያ ጊዜም ይቀዳል፤ አደጋውም ያው ሃያ ጊዜ መቀዳቱ ነው።

ይህ በአውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ባለችው በባንዳበርግ ከተማ በጥር 1928 ታየ። ከተማዋ ልጆቿን ከዘጊ አነዳ ለማዳን ክትባት ጀምራ ነበር። ክትባቱ የመጣው በጎማ በተዘጋ፣ የብዙ ሰው መጠን በሚይዝ ብልቃጥ ነው። ተሕዋስ የሚገድል ማቆያ ኬሚካል አልተጨመረበትም። ከአንድ ቀን ክትባት የተረፈው ፈሳሽ በዚያ የደቡብ ንፍቀ ክበብ የበጋ ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። በቀደሙት ቀናት መርፌው ሲገባና ሲወጣ አንድ ባክቴሪያ ተከትሎ ገብቶ ኖሯል፤ በሙቀቱ ውስጥ ተራባ። ጥር 27 ቀን 21 ልጆች ከዚያ ብልቃጥ ተወጉ። ሌሊቱ ሳይነጋ ያስመልሳቸው፣ ያንዘፈዝፋቸው፣ ያስቃዣቸው ጀመር። 12 ልጆች ሞቱ። ከአንድ ቤት ከአንድ በላይ ልጅ የቀበሩ ወላጆች ነበሩ።

የአገሪቱ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ማክፋርሌን በርኔት ከብልቃጡና ከልጆቹ መግል ያንኑ ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ አወጣ። ኮሚሽኑ የደረሰበት ፍርድ ግልጽ ነበር፦ ተደጋግሞ የሚቀዳ ክትባት፣ የገባበትን ተሕዋስ የሚገታ ማቆያ ሳይኖረው በብዙ ሰው ብልቃጥ መቀመጥ የለበትም። ዛሬ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጥ ጤና ኬላ ውስጥ እናት «ለአንድ ልጅ አንከፍተውም፣ በቀጠሮው ቀን ነይ» ስትባል ቅር ይላታል። ምክንያቱ ይኸው ነው። የኩፍኙ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ማቆያ አይጨመርበትም፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቀመጥም፣ የተረፈው ይጣላል። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ውስጥ በ2017 ይህ ሥርዓት ተጣሰ። ካፖኤታ በሚባለው አካባቢ በአንድ የኩፍኝ ዘመቻ ክትባቱ ለአራት ቀን ያለ ማቀዝቀዣ ቆየ፣ አንድ ሲሪንጅም ለመበጥበጫ ተደጋግሞ ዋለ፤ 15 ሕጻናት ሞቱ። ከባንዳበርግ 89 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ ቅደም ተከተላችን እንመለስ። በ1954 አሜሪካ የዶክተር ሳልክን የፖሊዮ ክትባት ለመሞከር 1.8 ሚሊዮን ገደማ ልጆችን ስታሰልፍ ያን ሁሉ ሲሪንጅ የሚቀቅል ጤና ጣቢያ አልነበራትም። የቤክተንና የዲክንሰን ኩባንያ አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚጣል የብርጭቆ ሲሪንጅ በብዛት ሠራ። በ1956 ኒው ዚላንድ ውስጥ ኮሊን መርዶክ የተባለ ፋርማሲስትና የእንስሳት ሐኪም የሚጣል የፕላስቲክ ሲሪንጅ ነደፈ። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክም ገና መገኘቱ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፕላስቲክ ሲሪንጅ ገበያ ገባ፤ ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ማለት ነው። ቱቦው ፖሊፕሮፒሊን፣ የገፊው ጫፍ ጎማ፣ በመሐላቸው ቀጭን የሲሊኮን ዘይት። ታሽጎ ሳለ በጋዝ ወይም በጨረር ይጸዳል፤ ከወረቀቱ ሲወጣ ንጹሕ ነው።

ፕላስቲክ ግን ሁሉን አይችልም። ለልብ ውጋት ከምላስ ሥር የሚቀመጠው የናይትሮግሊሰሪን ክኒን በፕላስቲክ ዕቃ ሲቀመጥ ኃይሉን ያጣል። ንጥረ ነገሩ ይተናል፣ ፕላስቲኩም ይመጠዋል። ስለዚህ በብርጭቆ ብልቃጥ እንዲቀመጥ ተደነገገ። በፕላስቲክ ፌስታል ከፋፍሎ በኪሱ የሚይዘው ሰው ውጋቱ ሲነሣ ክኒኑ አይደርስለትም። ለሚጥል በሽታ ያገለግል የነበረው ፓራልዴሃይድ ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ያሟሟል፤ እሱን ለመውጋት የብርጭቆ ሲሪንጅ ግድ ነው።

ተቀቅሎ የሚመለሰው መርፌ ያደረሰው ጥፋት ከሁሉ የከፋው ግብፅ ላይ ነው። በ1950ዎቹ የጀመረና እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የቀጠለ የቢልሃርዚያ ዘመቻ ነበር። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን አንድ ገበሬ ለሳምንታት ከአሥር ጊዜ በላይ ይወጋል። የብርጭቆ ሲሪንጆቹ በሚገባ ሳይቀቀሉ ከሰው ወደ ሰው ያልፉ ነበር። ሐኪሞቹ ያላወቁት፣ ስሙ እንኳ ገና ያልወጣለት የጉበት ቫይረስ በደማቸው ውስጥ ተላለፈ። በ2000 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የግብፅን የሄፓታይተስ ሲ ወረርሽኝ ከዚያ ዘመቻ ጋር አያያዘው። ቢልሃርዚያውን በአፍ የሚወሰደው ፕራዚኳንቴል ተካው፤ ቫይረሱ ግን በጉበት ቀረ። በበጎ ሐሳብ የተጀመረ ሥራ በዕቃው ምክንያት እንዲህ ሲገለበጥ ማየት ያሳዝናል።

በዚያው ዘመን በእኛ አገር በጣም ቀላል የሆነ መርፌ ታላቅ ሥራ ሠራ። የፈንጣጣ ክትባት በእርጥቡ በሙቀት ቶሎ ይሞታል። እንግሊዛዊው ሌስሊ ኮሊየር በ1950ዎቹ አቀዝቅዞ በማድረቅ በታሸገ አምፑል ለወራት እንዲቆይ ያደረገበትን መንገድ አገኘ። ቤንጃሚን ሩቢን የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ በ1965 የስፌት መኪና መርፌ ዓይንን ሞርዶ ባለ ሁለት ጥርስ ሹካ አደረገው። ሹካው ክትባቱ ውስጥ ሲነከር በጥርሶቹ መካከል አንዲት ጠብታ ትንጠለጠላለች፤ የክንዱን ቆዳ አሥራ አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መውጋት ብቻ ነው። ገፊ የለው፣ ቱቦ የለው። ከበፊቱ ሩብ በሚሆን ክትባት ይበቃል፤ ተቀቅሎም ደግሞ ይሠራል። ኢትዮጵያ ዘመቻውን በ1971 ስትጀምር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ የፈንጣጣ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ ገደል ወጥተው ወንዝ ተሻግረው፣ በበቅሎና በእግር፣ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር ያን ብረት ይዘው ዞሩ። የመጨረሻዋ የአገራችን ታማሚ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ዲሞ በሚባል የኦጋዴን መንደር ተገኘች።

ክትባት በየወረዳው ሲስፋፋ የሚጣለው ሲሪንጅ ሳይጣል መቅረቱ ሌላ መከራ ሆነ። ፕላስቲኩ የተሠራው እንዳይቀቀል ነው፤ ድህነት ግን አስቀቀለው፣ ወይም በውኃ አስታጥቦ መለሰው። የኤችአይቪ ዘመን ሲመጣ ይህ ገዳይ ሆነ። በ1988 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ኤሊስታ በምትባል ከተማ በአንድ የሕጻናት ሆስፒታል በተደጋገመ ሲሪንጅ ከ70 በላይ ልጆች በቫይረሱ ተያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት ባስጠናው ግምት በ2000 ብቻ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 260,000 ሰዎች በኤችአይቪ ተይዘዋል። ምክርና ፖስተር አልበቃም።

ስለዚህ መልሱ ወደ ዕቃው ውስጥ ገባ። ፓዝ የሚባለው ድርጅት ያሠራው ሶሎሾት የተባለ ሲሪንጅ በቱቦው ውስጥ ትንሽ የብረት ቅንጥብ አለው፤ ገፊው አንዴ ወደ ታች ከሄደ ቅንጥቡ ይነክሰውና ወደ ኋላ አይመለስም። እንግሊዛዊው ማርክ ኮስካ የነደፈው ሌላው ዓይነት ደግሞ ገፊውን መልሰው ሲስቡት ይሰበራል። ሁለቱም አንድን ሰው ብቻ ይወጋሉ። በ1999 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ እና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ እስከ 2003 መጨረሻ አገሮች ሁሉ ለክትባት ይህን ዓይነት ሲሪንጅ ብቻ እንዲጠቀሙ ጠየቁ። በጤና ኬላው ጥግ የሚቀመጠው፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት የካርቶን ሴፍቲ ቦክስም አብሮ መጣ። በእኔ እምነት በሲሪንጅ ታሪክ ከዚህ የበለጠ የሰው ሕይወት ያሰበ ንድፍ የለም፤ የደከመ ሠራተኛን ትጋት አይጠብቅም።

ብልቃጡም መናገር ጀመረ። ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ክትባት ብልቃጥ ላይ፣ በኋላም በሌሎቹ ላይ፣ አንዲት ክብ ምልክት ተለጠፈች። በክቡ ውስጥ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ፤ ሙቀት ባገኘው ቁጥር ይጠቁራል። አራት ማዕዘኑ ከክቡ እኩል ከጠቆረ ክትባቱ አይሰጥም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የመጓጓዣ ሣጥኑን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ይህችን ነው።

ስለ ጎማው አንድ ነገር ልጨምር። በ1998 ለኩላሊት ሕመምተኞች ደም ማነስ የሚሰጠው ኢፕሬክስ የተባለ መድኃኒት አቀማመሩ ተለወጠ፤ ከሰው ደም የሚገኘው አልቡሚን ወጥቶ ፖሊሶርቤት ገባ። ወዲያው አውሮፓና ካናዳ ውስጥ የአንዳንድ ሕመምተኞች መቅኔ ቀይ የደም ሴል መሥራቱን ጭራሽ አቆመ። ሲመረመር ከተጠረጠሩት አንዱ መድኃኒቱ ቀድሞ ተሞልቶ የሚመጣበት ሲሪንጅ የጎማ ጫፍ ነበር፤ ፖሊሶርቤቱ ከጎማው ኬሚካል ሳያወጣ አልቀረም። ጎማው በቴፍሎን ዓይነት ሽፋን ከተለበጠና የአወጋጉ መንገድ ከተለወጠ በኋላ ሕመሙ ቀነሰ። ብርጭቆም ቢሆን አልተማረም፤ በ2010 አምጀን የተባለው ኩባንያ ከብልቃጥ ግድግዳ የተላጠ ቀጭን የብርጭቆ ቅርፊት ስለታየ የራሱን መድኃኒት ከገበያ ሰብስቧል።

ኮቪድ ሲመጣ ዓለም ለጥቂት ወራት ስለ ብልቃጥ ተናገረች። በ2020 መጨረሻ የፋይዘርን ክትባት የሚቀዱ ፋርማሲስቶች ለአምስት ሰው ይበቃል ከተባለው ብልቃጥ የስድስተኛ ሰው ድርሻ አገኙ፤ ግን በሁሉም ሲሪንጅ አይደለም። በተለመደው ሲሪንጅ ገፊው እስከ መጨረሻው ቢወርድም በጫፉና በመርፌው መቀመጫ ውስጥ የሚቀር ጠብታ አለ። አንዱ ሰው የሚወጋው 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ሲሆን ያቺ ጠብታ የሰው ድርሻ ትሆናለች። ባዶ ቦታው የጠበበ ሲሪንጅ ያለው አገር ከአምስት ብልቃጥ አምስት ተጨማሪ ሰው ከተበ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት ቦሌ ሲደርስ በባለ 10 ዶዝ ብልቃጥ ነበር፤ አሥር ሰው ካልተሰበሰበ የማይከፈት፣ ከተከፈተም በሰዓት የሚቆጠር።

አንባቢ ሆይ፣ መርፌ ስትወጋ ሲሪንጁ ፊትህ ከታሸገበት ተከፍቶ ይውጣ በል፤ መብትህ ነው፣ ባለሙያውም አይቀየምም። የልብ መድኃኒትህን ከብርጭቆ ብልቃጡ ወደ ሌላ ዕቃ አታዛውር፤ ኢንሱሊንህን በራስህ መርፌ ተወጋ፣ ለወንድምህም ቢሆን አታውስ። ልጅሽን ስታስከትቢ፣ እናት ሆይ፣ በብልቃጡ ላይ ያለችውን ክብ አሳዩኝ ብለሽ ጠይቂ።